የስድስተኛው ዘፈን ሊቅ

ከተማ ሲቆረቆር መጀመሪያ ገበያው ይተከላል፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ ይሠራል፣ በሦስተኛ ደረጃ «እኔ እኮ ከሁላችሁም በፊት ነው የሰማሁት» የሚለው ሰው ይመጣና ተደላድሎ ይቀመጣል። ይህ ሰው የሌለበት ከተማ የለም፤ ካለም ገና ከተማ አልሆነም። ዘፋኙ እናቱ ጓዳ ውስጥ ጊታር ሲነካካ ሰምቶታል። የመጀመሪያው ሸክላ የእሱ ነው፣ ሁለተኛውን ይወደዋል፣ ሦስተኛውን በይሉኝታ ይታገሠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የዘመን መጨረሻ ምልክት ነው።

በወደብ ከተማዋ በሪዬካ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አቶ ሊቪዮ ማርቺና ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ አራት፣ እንጀራቸው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ፣ ጥሪያቸው ግን ሙዚቃ ነው። የሙዚቃ ችሎት የሚሰየመው ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለችው የሎሬዳና ሸክላ ቤት ውስጥ ነው። ሎሬዳና ባለሱቋ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሸክላ ስትሸጥ ያላየችው ዓይነት ሰው የለም፤ እንደ ሊቪዮ ናላዋን ያዞረው ግን አልተገኘም።

ክቡርነታቸው ንግግር የሚከፍቱት «ልናገር አልፈልግም፤ ግን…» በሚል ቃል ነው። ይህ ቃል ከተሰማ ወንበር መፈለግ ይሻላል። መናገር የማይፈልግ ሰው እንዲህ ሲናገር ታይቶ አይታወቅም። ንግግሩ በየት በኩል ቢዞር ደግሞ ማረፊያው አንድ ነው፦ «እኔ ስሰማቸው አሥራ ሁለት ሰው ነበርን።» ይህ ማለት የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በዓሣ አጥማጆች ክበብ ምድር ቤት፣ «እርጥብ ክብሪት» የተባለው ባንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወት ነው። ቁጥሩን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ስለሚያደርጉ ሐዋርያትን የሚቆጥሩ ይመስላል። ዛሬ በከተማው ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነኝ የሚለው ሁሉ ቢሰበሰብ ስታዲየም አይበቃውም፤ ሊቪዮ ግን እውነትም ነበሩ።

ቆጣሪ ሊያነቡ ሰው ቤት ሲገቡ፣ ቆጣሪው ምድር ቤት ሆኖ ሳለ እሳቸው ሳሎን ይገኛሉ። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ያነቡታል። አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ገብተው ካነበቡ በኋላ፣ «የውሃ ፍጆታዎ ደኅና ነው፤ የሚሰሙት ነገር ግን አሳስቦኛል» ብለው ወጥተዋል። የእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ የባንዱን አራተኛ አልበም የከፈተውን ዲጄ አስነስተው የመጀመሪያውን አስገቡ። በዚያ ዘፈን መደነስ የሚችል ሰው ስላልነበረ፣ ሙሽሮቹም እንግዶቹም አሥራ ሰባት ደቂቃ ቆመው አዳመጡ። የሙሽራዋ እናት እስከ ዛሬ አላናገረቻቸውም። አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ቤት ደግሞ የሟቹን ሸክላዎች ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጠው በዓመተ ምሕረታቸው ደርድረው፣ ቆጣሪውን ሳያነቡ ወጥተዋል። ይቺን የመጨረሻዋን ሎሬዳና የሰማችው ከአሮጊቷ እንጂ ከእሳቸው አይደለም።

«እርጥብ ክብሪት» አራት ሰው ነበር፦ ዘፋኟ ሚርና፣ ጊታሪስቱ፣ ድራመሩና ትራምፔት የሚነፋው። ስማቸው ሩቅ አልሄደም፤ ሪዬካ ውስጥ ግን በእነሱ ዘፈን ያልተዋደደ፣ ያልተለያየ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ ያልተንሰቀሰቀ ሰው ጥቂት ነው። አራት አልበም አወጡ። የዛሬ ሦስት ዓመት በአንዲት መስመር ተሰናበቱ፦ «አራታችንም ደክሞናል፤ እናመሰግናለን።»

እዚህ ላይ ዝላትኮ ይመጣል። ዝላትኮ የመርከብ ፋብሪካ በያጅ ነው፤ ከሊቪዮ ጋር ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብረው አድገዋል። ከአሥራ ሁለቱም አንዱ ነው፤ «አሥራ አንድ ነበርን፤ አንዷ ወለል ለመወልወል የምትጠብቅ ሴት ናት» እያለ ሊቪዮን ያበሳጫቸው ነበር። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሕግ ነበራቸው። አዲስ ሸክላ ለብቻ አይሰማም። የሚሰማው በሊቪዮ ወጥ ቤት፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ መካከላቸው አንድ ቆርቆሮ ሰርዲንና ዳቦ አስቀምጠው ነው። መርፌው ከወረደ በኋላ የሁለተኛው ገጽ የመጨረሻ ዘፈን እስኪያልቅ አንድ ቃል አይነገርም። በሦስተኛው አልበም ጊዜ ምድጃ ላይ የነበረው ድስት አረረ፤ ሁለቱም አዩት፣ ሁለቱም ዝም አሉ፣ ድስቱ ተጣለ። ሕጉ ግን አልተጣሰም።

ባንዱ በተበተነ በማግስቱ ቅዳሜ ዝላትኮ ሸክላ እያገላበጠ፣ «ሰው ይደክማል ሊቪዮ፤ መብታቸው ነው» አለ።

«የደከመው ሰው እኛን ሃያ ዓመት ይዞን ሳይዞር አይናገርም ነበር?»

«ለኛ ብለው እስኪሞቱ ይዝፈኑ?»

«አንተማ ጥሎ የሚሄድ ሰው ሁሌም ልክ ነው» አሉ ክቡርነታቸው፣ በሞላ ሱቅ ፊት። «ሚስትህ ጥላህ ስትሄድም መብቷ ነው ብለህ ቁጭ አልክ።»

ዝላትኮ በእጁ የያዘውን ሸክላ በፊደል ተራው ቦታው ላይ መለሰ፣ ጃኬቱን ዘጋ፣ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመጣው ረቡዕ ረቡዕ ሆነ። ሊቪዮ የቅዳሜ፣ ዝላትኮ የረቡዕ፣ ሎሬዳና ደግሞ ወላጆቿ እንደተፋቱባት ልጅ መሃል ቀረች።

«ያ ሰውዬ መጥቶ ነበር?» ይላሉ ሊቪዮ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ተይው። እንዳልገጥመው ብዬ ነው።»

ረቡዕ ዝላትኮ ያንኑ ይጠይቃል፣ ያንኑ መልስ ይመልሳል። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ክቡር ሊቪዮ የባንዱ አባላት እንዲታረቁ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፊርማ አሰባስበዋል። «አራት ሰው ተቀምጦ መነጋገር እንዴት ያቅተዋል?» ብለው ለእያንዳንዳቸው ጽፈዋል። ከቅዳሜ ወደ ረቡዕ መሻገር ግን ውቅያኖስ ሆኖባቸው ነበር።

በግንቦት ሚርና ለብቻዋ የሠራችው አልበም ወጣ። ስሙ «አንድ ወንበር» ይባላል። ካርቶኑን ራሷ ተሸክማ ነው ወደ ሱቁ ያመጣችው፤ ጠጉሯ ሸብቷል። «ሎሬዳና፣ ሽፋኑ ይዋሻል» አለቻት። ሽፋኑ ላይ ዘጠኝ ዘፈን ተጽፏል፣ ሸክላው ላይ ያለው ስምንት ነው። ስድስተኛውን፣ «የመጨረሻው ጀልባ» የሚለውን፣ ሽፋኑ ከታተመ በኋላ አወጣችው። በየሽፋኑ ውስጥ ምክንያቱን በእጇ የጻፈችበት ትንሽ ወረቀት ከታ በላስቲክ አሽጋዋለች። ሎሬዳና አንዱን ከፍታ ወረቀቷን አነበበችና ለጥቂት ጊዜ ደንበኛ ማስተናገድ አቃታት።

ክቡር ሊቪዮ አንድ ገዙ። «ለማስረጃ ነው» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ችሎቱ ተሰየመ።

«ልናገር አልፈልግም፤ ግን ‹አንድ ወንበር› ማለት ምንድን ነው? ሦስቱን መሬት ልታስቀምጣቸው ነው?» አሉ። ቀጠሉ። አንደኛው ዘፈን ይቸኩላል፣ አራተኛው ያለቅሳል፣ ስምንተኛው ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል። «ስድስተኛውን ግን ስሙት! ትራምፔቱ ሊገባበት የሚገባው ቦታ ጉድጓድ አለ፤ ባዶ ጉድጓድ። ሰውዬውን ከነትራምፔቱ የቀበረችበት ነው።»

«ልክ ነው፣ ጉድጓዱ ይሰማል» አለ አንዱ።

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አለ ሌላው፣ ራሱን እየነቀነቀ።

ሎሬዳና መጀመሪያ ቁጥር ተሳስተው መሰላት። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን በስሙ ጠሩት፦ «የመጨረሻው ጀልባ»። በሦስተኛው ቅዳሜ ጀልባዋን ከነመቅዘፊያዋ ተነተኑት። የደቡቡ ነፋስ ሰዉን ሁሉ በሚያነጫንጭበት ቀን ነበር። የሃያ ዓመቷ ተማሪ ቴያ ጥግ ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ቴያ ባንዱን የደረሰችበት ከተበተነ በኋላ ነው፤ ሸክላውንም ገዝታ ወዳዋለች።

«ጋሼ ሊቪዮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስድስተኛውን የት ነው የሰሙት?» አለች።

«እንዴት የት? ቤቴ!»

«እኔ የገዛሁት ሸክላ ላይ እኮ…»

«ቴያ፣ እስቲ ያን ሳጥን አቀብዪኝ» አለች ሎሬዳና። በአካባቢው ሳጥን የሚባል ነገር አልነበረም። ልጅቷ የሎሬዳናን ዓይን አየችና ዝም አለች። ሎሬዳና ወሬ ለማስቀየር ብላ ሳታስበው «አንድ ወንበር»ን ማጫወቻው ላይ አደረገችው። ሊቪዮ ወዲያው «ሲጋራ ላጭስ» ብለው ወጡ። በየቅዳሜው ይህ ሸክላ ሲከፈት ሲጋራ ሊያጨሱ ይወጣሉ። ሲጋራ ካቆሙ ግን ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ሎሬዳና በመስኮቱ ውጪ አየች። ነፋሱ ጃኬቱን እየገለበው፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ የማይጨስ ሲጋራውን እያጨሰ ቆሟል። ካሁን ወዲያ አንቱታውን እንተወው፤ እንደዚያ ቆሞ ያየችውን ሰው አንቱ ማለት አልሆነላትም።

«አልሰማውም እኮ!» አለች ቴያ በሹክሹክታ። «ጭራሽ አልከፈተውም! እትዬ ሎሬዳና፣ እንዴት ዝም ትያለሽ? ውሸታም ነው።»

«ውሸታም ቢሆን ከፍቶ ይሰማውና ይዋሽ ነበር። ዝም በይ። ይቺ የቅዳሜ ወንበሩ ከሄደችበት ሌላ መቀመጫ የለውም።»

ቴያ ትከሻዋን ነቀነቀች። ገና ሃያ ዓመቷ ነው።

ረቡዕ ዝላትኮ መጣ። የቅዳሜው ወሬ በሰው በሰው ደርሶት ነበርና እንደ ገባ ጀመረ። «ሰዎቹ ተሳስተዋል። ስድስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ትራምፔቱን ያስቀረችው እኮ በአክብሮት ነው፤ ቦታውን ጠበቀችለት እንጂ አልቀበረችውም።»

ሎሬዳና ልትስቅ ብላ ተወችው። ሁለት ሽማግሌ ሊሆኑ የደረሱ ሰዎች ስለሌለ ዘፈን በቀን ተከፋፍለው ይከራከራሉ። «ዝላትኮ፣ ሸክላውን ከፍተኸዋል?» አለችው። አልመለሰም። ደግማ ጠየቀችው። አልመለሰም፤ በፈገግታ ሽፋን ያገላብጣል። በስተ ቀኙ ነበረች። ዞራ በስተ ግራው መጣችና ሦስተኛ ጠየቀችው።

እጁ ቆመ። «አወቅሽብኝ» አለ።

ሠላሳ ዓመት በመርከብ ሆድ ውስጥ ብረት ሲደበደብ የኖረ ጆሮ ነው። የቀኙ ካለፈ ቆይቷል። «የግራው እስከ ገና በዓል ከቆየልህ ጥሩ ነው አለኝ ሐኪሙ» አለ ዝላትኮ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል።

«ታዲያ እስከዚያ የምትሰማውን አትሰማም? ሰውዬ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«ከማን ጋር ልስማው?»

እሱ ቀጠለ፦ «ማታ ማታ አወጣዋለሁ፣ ላስቲኩን በእጄ እዳስሰዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። ስለ ጆሮዬ እንዳትነግሪው። አዝኖልኝ እንዲመጣ አልፈልግም።»

ሎሬዳና ቃል ገባች። አምስት ቀን ጠበቀችው።

ሰኞ ሊቪዮ የሱቁን ቆጣሪ ሊያነብ መጣ። ሰማያዊ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ፣ ባትሪውን ይዞ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ሎሬዳና በሩን ቆለፈችና ተከተለችው። ተመልካች የሌለበት ቦታ ሊቪዮን ያገኘችው ያኔ ነው። ያለ ችሎቱ አጭር ሰው ነው።

«ሊቪዮ፣ ስድስተኛው የለም።»

«ምኑ?»

«‹የመጨረሻው ጀልባ›። ሽፋኑ ላይ ነው እንጂ ሸክላው ላይ የለም። ሚርና አውጥታዋለች።»

ባትሪው ቆጣሪው ላይ እንደ በራ ቆየ። ቁጥሮቹ ላይ ያፈጠጠው ለማንበብ አልነበረም። ቧንቧው ውስጥ ውሃ ሲያልፍ ይሰማ ነበር።

«ማን ያውቃል?»

«እኔና ቴያ።»

«ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት» አለ። ከዚያ መሰላሉ ላይ ቁጭ አለ። «ሦስት ጊዜ መቀስ አንስቻለሁ፣ ሎሬዳና። ሰርዲኑን ገዝቼ፣ ዳቦውን ቆርጬ፣ መቀሱን አነሳለሁ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር አየዋለሁ። ብቻዬን ከሰማሁት አለቀ ማለት ነው። ባንዱም፣ እኔና እሱም፣ ሁሉም አለቀ። ካልሰማሁት ግን ገና ነው። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ታዲያ ያን ሁሉ ለምን ትቀባጥራለህ?»

«ዝም ካልኩማ ሰው ምን ሰማህ ብሎ ይጠይቀኛል።»

ያኔ ሎሬዳና ቃሏን አፈረሰች። ስለ ጆሮው ነገረችው፣ ስለ ገና ነገረችው፣ ያም ሰው ያልተከፈተ ሸክላ ይዞ እንደሚያድር ነገረችው። «ውስጡ ወረቀት አለ። እሱን ከእኔ አትሰማም፤ ራስህ አንብበው» አለች በመጨረሻ።

ሊቪዮ ተነሳ። «ልናገር አልፈልግም፤ ግን…» አለ። ሎሬዳና ጠበቀች። ከ«ግን» በኋላ ምንም አልመጣም። ደብተሩ ላይ አንድ ቁጥር ጽፎ ወጣ። በኋላ እንደታየው፣ በዚያ ወር ያቺ ትንሽ ሱቅ የአንድ ሆስፒታል ያህል ውሃ ተጠቅማለች።

በመጀመሪያው ረቡዕ ሊቪዮ አልመጣም። ሎሬዳና በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና አለች፤ ዝላትኮ የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ ሸክላውን ሲያገላብጥ ቆይቶ ሄደ። እሷም ያን ቀን ሁለቱንም በልቧ ሰደበቻቸው። በሁለተኛው ረቡዕ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ የረፋድ ምግቡን በሚበላበት ሰዓት፣ በሩ ተከፈተ። ሊቪዮ ቆሟል። የእሑድ ሸሚዙን ለብሷል፤ በብብቱ ላስቲኩ ያልተቀደደ ሸክላ፣ በእጁ ሰርዲንና ዳቦ ይዟል።

ዝላትኮ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ መደርደሪያው ላይ ጎንበስ ብሏል። ሊቪዮ በስተ ቀኝ ተጠጋው። እጁ የሰርዲኑን ቆርቆሮ ያፍተለትላል።

«ስለ ሚስትህ ያልኩት» አለ፣ «የሰው ንግግር አልነበረም። አፌን የያዘኝ ሰው አልነበረም እንጂ እኔም አልፈለግኩትም። ይቅር በለኝ።»

ዝላትኮ አንድ ሸክላ አውጥቶ ጀርባውን አነበበና መለሰው። ሌላ አወጣ።

የሊቪዮ ፊት አመድ መሰለ። ሎሬዳና ከባንኮኒው ጀርባ የግራ ጆሮዋን በጣቷ መታ መታ አደረገችለት። ለሊቪዮ ይቅርታ መጠየቅ በዕድሜው አንዴ የመጣ ነገር ነው፤ እሱንም ድገም ተባለ። ቆርቆሮውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ፣ በመደርደሪያው ዞረ፣ በግራ በኩል መጣና ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እንደገና አለው። ያኔ ድምፁ ተሰበረ።

ዝላትኮ ቀና ብሎ አየው።

«ሦስት ዓመት ፈጀብህ» አለ።

«ሁለት ጊዜ ነው ያልኩህ! የመጀመሪያውን አልሰማኸኝም።»

«እንግዲያው ነግራሃለች» አለና ሎሬዳናን ገላመጣት። ሎሬዳና ባንኮኒውን መወልወል ጀመረች። «በቀኝ በኩል ነበርክ?»

«በቀኝ በኩል ነበርኩ።»

«እንደ ልማድህ ጮክ ብትል ኖሮ እሰማህ ነበር» አለ ዝላትኮ፣ ዳቦውንም ከእጁ ተቀበለው።

ሎሬዳና «ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ ገለበጠች። ሁለት ወንበር ማጫወቻው አጠገብ አስጠጋች። ሊቪዮ ፊት ለፊት መቀመጡን ለመጀመሪያ ጊዜ ተወና በዝላትኮ ግራ ተቀመጠ። መቀሱን ሎሬዳና ሰጠችው። ላስቲኩ ሲቀደድ ወረቀቷ ጉልበቱ ላይ ወደቀች። አነበባት። መነጽሩን አወለቀና ለዝላትኮ አሳለፋት።

«ስድስተኛው ዘፈን የለም» ይላል የሚርና ጽሕፈት። «የተጻፈው ለአራት ሰው ነበር። ብቻዬን ልዘፍነው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ስሙን ግን ከሽፋኑ ላይ አልፋቅሁትም። ቦታቸው ነው።»

ሊቪዮ ከግንቦት ጀምሮ ይህች ሴት ይህን ቃል ባለማለቷ ሲከሳት ነበር። ቃሉ እዚያው መደርደሪያው ላይ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ ተቀምጦለታል። መርፌውን አወረደው።

ሕጉ ጸና። አንደኛው ዘፈን አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ሰርዲኑ ሳይነካ ተቀምጧል። ሦስተኛው ላይ ሚርና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መናገር እስኪመስል ድረስ ለስለስ አለች። ዝላትኮ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳረፈ። ጊታሩ ይደርሰው ነበር፤ ቃላቱ አልደረሱትም። ለመጠየቅ አፉን ከፈተ፣ ሕጉ ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው። ዓይኑ ግን ሊቪዮ ላይ ቀረ።

ሎሬዳና ያየችውን ለማንም አልተናገረችም። በሃያ ሁለት ዓመት ድስት እያረረ እንኳ ቃል ያልተነፈሰው ሊቪዮ ማርቺና ወንበሩን አስጠጋ፣ አፉን በጓደኛው ግራ ጆሮ ላይ አደረገ፣ ሕጉን ራሱ አፈረሰ።

«‹መስኮቱን ክፍት ተውኩት› ትላለች» አለው። «‹ዝናቡም ገባ፣ እኔም አልዘጋሁት።› አሁን ጊታር ነው። ቆይ… ‹የሄደ ሰው ቢመለስ በር እንዳያንኳኳ።›»

ዝላትኮ ራሱን ነቀነቀ። ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር የኖረው ሰው እስከ መጨረሻው ዘፈን ድረስ የራሱን አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ ሳያርም፣ ሳይፈርድ የእሷን ብቻ እየደገመ ተናገረለት። ሸክላው ሲገለበጥ ብቻ ትንፋሽ ወሰደ። አምስተኛው አልቆ ሰባተኛው ሳይጀምር፣ በመካከል ባለችው ጥቂት ጸጥታ፣ ሁለቱም ተያዩ። ሎሬዳና ጨርቋን ይዛ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች፤ ዕንባዋ እየወረደ ነበር።

መርፌው ተነሳ። ዝላትኮ ሰርዲኑን ከፈተ።

«ሦስተኛው ትንሽ ይረዝማል» አለ ሊቪዮ፣ ድምፁ ተዘግቶ።

«ይረዝማል» አለ ዝላትኮ። በሦስት ዓመት ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

ቅዳሜ ችሎቱ እንደ ልማዱ ተሰየመ። አዲሱ ነገር፣ ሊቪዮ ከመካከለኛው ወንበር ተነስቶ ጥግ መቀመጡና በቀኙ ዝላትኮ መኖሩ ነው። ሰዉ እነሱን አይቶ እንዳላየ ሆነ። ቴያ ግን ወጣት ናት፤ መታገሥ አልቻለችም።

«ጋሼ ሊቪዮ፣ ስለ ስድስተኛው ዛሬ ምንም አላሉም?»

ሊቪዮ ተነሳ። ሸሚዙን አስተካከለ።

«ስድስተኛው የለም» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሸክላውን ሳልከፍት ነው ስቀባጥር የከረምኩት። እናንተም ጉድጓዱን ሰማን ያላችሁ፣ እግዜር ይይላችሁ።» ሁለት ሰዎች በድንገት መደርደሪያ ማገላበጥ ጀመሩ። ሊቪዮ ዝቅ ብሎ ዝላትኮን አየና ቀና አለ። ድምፁን ቀነሰ፤ የዓሣ አጥማጆቹን ክበብ ሲያነሳ እንደሚቀንሰው።

«ልናገር አልፈልግም፤ ግን መጀመሪያ ስሰማው ሁለት ሰው ነበርን።»

ዝላትኮ የቁጥር ስህተት ማረም ይወዳል። አፉን ሊከፍት ሲል ባንኮኒው ጋ የቆመችውን ሦስተኛዋን ሰው፣ ሎሬዳናን፣ አያት። ሎሬዳና ራሷን ወዘወዘችለትና ሸክላ መደርደሯን ቀጠለች።